ድጎማው ቆጣሪ ለሌላትም እናት ይድረስ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

በበዓል ቀን ስለ መብራት ሂሳብ ማንሳቴ ያለቦታው ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በጉና ሥር ለምንኖር ገበሬዎች የምድጃችንና የማሳችን ጉዳይ አንድ ነው።

እንደሚታወቀው መንግሥት አነስተኛ ገቢ ያለውን ቤተሰብ በመብራት ዋጋ ይደግፋል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚጠቀም ቤተሰብ ላይ ጭማሪ አልተደረገም። የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በ27.3 ሳንቲም ስለጸና፣ የአገልግሎት ክፍያው ሳይጨመር 50ው በ13 ብር ከ65 ሳንቲም ይገኝ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ የታሪፍ ማስተካከያ ሲጀመርም አነስተኛ ተጠቃሚ ዝቅ ባለ ዋጋ እንዲከፍል ተደርጓል።

ድጋፉ መልካም ነው። ችግሩ የሚደርሰው በቆጣሪ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ልጆቻችን ለትምህርት ደብረ ታቦር መጥተው ቤት ሲከራዩ ሦስትና አራት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ይጋራል። የእያንዳንዱ ፍጆታ ትንሽ ቢሆንም ሲደመር 50ን ያልፋል። ስለዚህ ድሃው እንደ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራል።

ምጣዱንም እናስላው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ድጎማው አምፖል ያበራል እንጂ እንጀራ አይጋግርም።

ቆጣሪ የሌላት የገጠር እናትማ ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት። ኩበት ታነዳለች፣ ጭስ ትውጣለች። ያ ኩበት ለማሳው ፍግ መሆን የሚችል ነበር። ምድጃ የበላውን እኛ በማዳበሪያ ግዢ እንተካለን፤ ዕዳውም ይከተለናል።

ስለሆነም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መስመር በደረሰበት ቀበሌ መሠረታዊ ማኅበራት ቆጣሪ ፈላጊ አባላትን መዝግበው በጋራ ይጠይቁ፤ ለማስገቢያውም በቁጠባና ብድር ይደግፉ። ሁለተኛ፣ መስመር ባልደረሰበት ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቆጥበውን ምርጥ ምድጃ እናዳርስ። ሦስተኛ፣ የሚመለከተው አካል በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ቆጥሮ እንዲያስተናግድ በአንድ ድምፅ እንጠይቅ።

ማኅበር ያቋቋምነው አንዱ ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለመቻል ነውና።