መንደር ዳር ቤት ሲታቀድ፦ የማን አቤቱታ ይሰማል?

በእንግሊዝ አገር አንድ ገጠር ቀመስ መንደር ዳር ያለ ማሳ ለቤት ግንባታ ሲታጭ፣ ብዙ ነዋሪ ነገሩን የሚያውቀው የመብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት ስንት ቤት ሊሠራ እንደታሰበ ይገልጽና አስተያየት ያለው ሰው በ21 ቀን ውስጥ እንዲጽፍ ይጋብዛል። ከዚያ ደብዳቤው ይጎርፋል። ጠባቡ መንገድ ተጨማሪ መኪና አይችልም፤ የሐኪሙ ወረፋ ከወዲሁ አስመርሯል፤ ማሳው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ያቁራል፤ ከመስኮቴ የማየው ሜዳ ይጠፋል፤ የቤቴ ዋጋ ይወርዳል።

እነዚህ አቤቱታዎች በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። የነገሩ ሥር የ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኢትዮጵያ መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እንግሊዞች ግን መሬቱን ለባለቤቱ ትተው፣ በላዩ የመገንባት መብቱን በፈቃድ የሚሰጥ አደረጉት። ስለዚህ ምክር ቤቱ የሚመዝነው የጋራ ጥቅምን የሚነካውን ነው። የመንገድ ጭንቅንቅ፣ ጎርፍ፣ የጎረቤት ብርሃን መጋረድ፣ የጥንታዊ ሕንፃና የዱር እንስሳት ጉዳይ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ከመስኮት የሚታየው ሜዳና የቤት ዋጋ አይወጡም። የፊርማ ብዛትም ብቻውን አያሸንፍም፤ ማሳው ተጥለቅልቆ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንዱ ከሌላው ከተገለበጡ ብዙ ደብዳቤዎች ይልቅ ሊመዝን ይችላል። ምክር ቤቱ ውሃ በማያነሳ ምክንያት ከከለከለ ደግሞ ገንቢው ይግባኝ ይላል፤ ምክር ቤቱም የባላጋራውን ወጪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል።

ችግሩ ሕጉ ሚዛን ላይ የማያወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው መሆኑ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያውቁት ሜዳ በአንድ ፊርማ መለወጡን የሚያስመዘግቡበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ሐዘኑ ታዲያ የትራፊክ ስጋት መስሎ ይቀርባል። ይህን ሁሉ ራስ ወዳድነት ብሎ ማለፍ ሰዎቹን መበደል ነው።

ከለንደን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ስቲቭኔጅ ይህን በደንብ ታሳያለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን በቦምብ ፈርሳ፣ የተረፈውም ቤት ተጨናንቆ ስለነበር መንግሥት በዙሪያዋ አዳዲስ ከተሞች ለመመሥረት ወሰነ። 6,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ስቲቭኔጅ ለ60,000 ሰው እንድትሆን ታሰበ። በግንቦት 1946 ሚኒስትሩ ልዊስ ሲልኪን ሕዝቡን ለማነጋገር ሲመጡ በጩኸት ተቀበሏቸው፤ የመኪናቸው ጎማም ተንፍሶ ተገኘ። ከባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ የከተማዋ ስም ጠፍቶ፣ በሶቪየት ከተሞች አጠራር ‹‹ሲልኪንግራድ›› ተብሎ ተተካ። አዲሶቹን ከተሞች የሚፈቅደው ሕግ ሚኒስትሩ በመጡ ጊዜ ገና በፓርላማ አልጸደቀም ነበር። እሳቸው ግን ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ለሕዝቡ ተናገሩ።

ነዋሪዎቹን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዳቸው ይኸው ነበር። ሚኒስትሩ አቤቱታችንን ሳይሰሙ ወስነዋል ብለው ከሰሱ፤ የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በ1947 በጊዜው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ለሚኒስትሩ ወስኖ ነገሩን ዘጋው፤ የሚኒስትሩ ሥራ አስተዳደራዊ እንጂ የዳኝነት አይደለም፣ አቤቱታ የሚሰማውም ሚኒስትሩ መረጃ እንዲያገኙ ነው ሲል።

ልጅነቱን በስቲቭኔጅ አጠገብ ያሳለፈውና ያደገበትን ቤት ‹‹ሃዋርድስ ኤንድ›› በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ያኖረው ኢ. ኤም. ፎርስተር ሚኒስትሩ በመጡበት ዓመት፣ በ1946፣ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለዚህ ነገር ተናግሯል። ሰው ቤት እንደሚያስፈልገው አልካደም፤ ቢሆንም የማይተካ ነገር መጥፋቱን ማልቀስ አልተወም። ከሁለቱም ወገን ይልቅ እውነቱን የተናገረው እርሱ ይመስላል። ነዋሪዎቹ ነገሩ ካለቀ በኋላ መጠየቃቸው በደል ነበር። በለንደን አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁ ቤተሰቦች ደግሞ በዚያ ስብሰባ ወንበር አልነበራቸውም፤ ወደፊት ስቲቭኔጅ እንደሚኖሩ ገና ማን ያውቅላቸዋል?

ተቃውሞ ያሸነፈበትም ጊዜ አለ። በ1989 በሃምፕሻየር ፎክስሊ ዉድ በተባለ ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት አዲስ ሰፈር ሊገነባ ታቀደ። ሚኒስትሩ ኒኮላስ ሪድሊ ለመፍቀድ ሲያዘነብሉ ነዋሪዎቹ ምስላቸውን ሠርተው አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ሥልጣኑን የተረከቡት ክሪስ ፓተን ሐሳቡን ወደ መከልከል መለሱት። አካባቢው የገዢው ወግ አጥባቂ ፓርቲ የድምፅ መሠረት ነበር፤ ድሃና ተሰሚነት የሌለው መንደር ያንኑ ምስል ቢያቃጥል ይህን ያህል ጆሮ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

የ2011ዱ ሕግ ሌላ በር ከፈተ፤ መንደሮች የራሳቸውን ፕላን አዘጋጅተው በሕዝበ ውሳኔ እንዲያጸድቁ ፈቀደ። የመጀመሪያው በመጋቢት 2013 በሰሜን እንግሊዝ፣ በከምብሪያ ድምፅ የተሰጠበት የላይኛው ኤደን ፕላን ነው። ተራራማና ሰው የሳሳበት አካባቢ ነው፤ ወጣቱ ቤት አጥቶ ይሰደድበታል። 17 መንደሮች ተባብረው ያዘጋጁት ይህ ፕላን ግንባታን ከማገድ ይልቅ ቤት ጠየቀ፦ ለገበሬ ልጆች በእርሻቸው ላይ፣ ለአረጋውያን በቅርባቸው፣ ለአካባቢው ተወላጅ በአቅሙ። ድምፅ ከሰጡት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ደገፉት፤ በቀጣዩ ወር ምክር ቤቱ አጸደቀው፤ ፈቃድ ሲጠየቅም መመዘኛ ሆነ።