ግብር መቀነስ መንግሥትን ያሳንሳልን?



የመንግሥትን ሥራ ለመወሰን ግብሩን መቀነስ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። ገቢው ያነሰበት መንግሥት ወጪውንም በግድ ያሳንሳል ማለታቸው ነው። ነገሩ ለጆሮ የቀና ነው፤ ነገር ግን በተግባር የሆነውን እንመልከት።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ፥ የቤትና የመሬት ግብር ከንብረቱ ዋጋ ከመቶ 1 እንዳይበልጥ ወሰነ። ትምህርት ቤቶች ይተዳደሩበት የነበረው ይህ ገቢ ከግማሽ በላይ ጐደለ። ግብር ሲቀነስ የተማሪው ቍጥር አብሮ አይቀነስምና፥ የግዛቱ መንግሥት ካጠራቀመው ገንዘብ ጐደሎውን ይሞላ ጀመር። በብዙ ስፍራ የረጅሙ ዕረፍት ጊዜ ትምህርት ቢቋረጥም፥ አብዛኛው ወጪ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ስለ ትምህርት ቤት ገንዘብ የመወሰን ሥልጣንም ከአጥቢያው ወጥቶ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ሳክራሜንቶ ሄደ።

በዋሽንግተንም በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን፥ በ1981 በወጣው ሕግ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 70 ወደ 50 ወረደ። እርሳቸው በ1989 ሥልጣን ሲለቁ ግን የአገሪቱ ዕዳ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ዕዳም ለነገ የተላለፈ ግብር ነው፤ ከፋዮቹም ያን ጊዜ በተማሪ ወንበር ላይ የነበሩት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ መንግሥትን ማሳነስ የሚሻ ሰው፥ የትኛው ሥራ ከመንግሥት እጅ እንዲወጣ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በግልጥ ይናገር፤ ግብሩን ከዚያ በኋላ ይቀንስ። እኛም መምህራን «ትምህርት ቤቱን ማን ያኑረው?» ብለን ከመጠየቅ አንቦዝን።