ደም ብዛት የደም መብዛት አይደለም
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ጤና የተደረገ ንግግር)



«ደም ብዛት አለብህ» ሲባል ብዙዎቻችን ደማችን ከልክ ያለፈ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። የተጨበጠ እጅ የሚያክለው ልባችን ይህን ደም በደም ቅዳ ወደ መላ ሰውነት ይገፋዋል፤ ደሙም ምግብና ንጹሕ አየር አድርሶ፣ የተቃጠለውን አየር ይዞ በደም መልስ ይመለሳል። ከዚያም በሳንባ አልፎ ንጹሕ አየር ይዞ እንደገና ይነሣል። ዐርፈን ስንቀመጥ እንኳ ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ይረጫል።

በሽታው የሚመጣው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ሲያይል ነው። የውሃ ቧንቧን አስቡ፤ ግፊቱ ሲበረታ የደከመው ቦታ ይፈነዳል። የአንጎል ደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን ሰው ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት፣ ዓይንና ልብም ይጎዳሉ።

ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ አያሳምምም። «ምንም አላመመኝ፣ መድኃኒቱ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የሚተው አለ። ደኅና ያደረገው እኮ መድኃኒቱ ነው! ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥ።

ስለዚህ አደራ፦ ሳያመን እንለካ። ልኬቱ ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየን። ጨው እንቀንስ፤ በእግራችን እንሂድ።

ጎረቤታሞች ነንና፣ ለቅሶ ቤት ከምንገናኝ ጤና ጣቢያ ብንገናኝ ይሻላል።