መስማት የተሳነው ልጅና መካሪው
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ንግግሬ ከአንዲት ቃል ይነሣል። አማርኛችን ጆሮው የማይሰማውን ሰው «ደንቆሮ» ሲል ኖሯል፤ ዕውቀት የጎደለውንም ሰው እንዲሁ «ደንቆሮ» ይለዋል። ከዚሁ ቃል ወጥቶ ያለማወቅ ሁሉ «ድንቁርና» ተባለ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚል ተረትም አለን። የቀደሙት ሰዎች ይህን ያሉት በክፋት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩበት ዘመን ስለ ረዘመ፣ የማይሰማ ሰው የማያውቅ ነው፤ የማያውቀውም ሊማር ስለማይችል ነው የሚል አሳብ በልባችን ሥር ሰዷል። ዛሬ «መስማት የተሳነው» ማለትን ለምደናል፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ተለውጦ ልጁ ግን በነበረበት ከቀረ፣ ያደረግነው ነገር የመዝገብ እርማት ብቻ ይሆናል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሰውን ከዕውቀት የሚለየው የጆሮ መደፈን ሳይሆን የቋንቋ ማጣት ነው። የሚሰማ ሕፃን ማንም ሳያስተምረው፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ከጎረቤት ጨዋታና ከገበያ ጫጫታ ቋንቋውን ይለቅማል። መስማት የተሳነው ሕፃን ግን ይህ የቃላት ዝናም በአጠገቡ ሲዘንብ አንዲት ጠብታ አትደርሰውም። በሌሎች አገሮች የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳን፣ መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እንግዲህ ልጁ በገዛ ቤቱ እንደ ባዕድ ያድጋል ማለት ነው። የምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ሰዋስው ያለው፣ ቀልድም፣ ክርክርም፣ ጸሎትም የሚነገርበት ሙሉ ቋንቋ ነው። ሕፃኑ ይህን ቋንቋ በልጅነቱ ካገኘ አእምሮው እንደማንኛውም ልጅ ይከፈታል። ሳያገኝ የቀረባቸው ዓመታት በረዘሙ ቁጥር ግን ጉድለቱን መሙላት እየከበደ ይሄዳል።

ይህን ነገር ዓለምም የተረዳው በብዙ ድካም ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ አባ ደ ሌፔ የተባሉ ፈረንሳዊ ካህን በፓሪስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቁመው በምልክት ማስተማር ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ መምህራን ምልክት ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ ልጆች በከንፈር ንባብና በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል መስማት የተሳናቸው መምህራን እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ፍርዱ የተሰጠው ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ውሳኔ ምክንያት በብዙ አገር ልጆች እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ ሲገደዱ ኖሩ። የዚያው ጉባኤ ተከታዮች በካናዳ ቫንኩቨር ተሰብስበው በቀድሞው ውሳኔ መጸጸታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

በአገራችንም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለዩ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የተጀመሩት በሚስዮናውያንና በአብያተ ክርስቲያናት እጅ ነው። በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም የሆሣዕናው፣ ስማቸው የታወቀ ነው። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ማኅበር አቋቋሙ። ለፊደላችንም የእጅ መልክ ተሠራለት፤ እያንዳንዱ ፊደል በጣቶች ቅርጽ ይታያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ስለዚህ መንገዱ አልታወቀም፣ አገሩም ጀማሪ ነው ብለን የምናመካኝበት ዘመን አልፏል። የቀረው ነገር መንገዱን ከዋና ከተማው አውጥቶ ወደ ጠረፍ ማድረስ ነው።

አሁን አድማጮቼን ወደ ፑኝዶ ልውሰድ። ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ በኩል ታልፎ የሚደረስባት፣ በጎግ ወረዳ የምትገኝ፣ የጊሎ ወንዝ የሚያውቃት ቆላ አገር ናት። የአኝዋ ሕዝብ አገር ናት፤ ስደተኛንም ተቀብላ ስታስጠልል ብዙ ጊዜዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ ያለ ወላጅ፣ በእግራቸው ተጉዘው የደረሱት እዚያ ነው። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ተሰደው የጊሎን ሙላት ሲሻገሩ ብዙዎቹ ጠፉ። መጠለያው በ1993 ተመልሶ ተቋቋመ፤ በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣም ሌላ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ጎረፈ።

በዚህ ዓይነቱ አገር መስማት የተሳነው ልጅ የሚገጥመውን ነገር እስቲ አብረን እናስብ። የጥይት ድምፅ ሲሰማ ሌላው ልጅ ይሮጣል፤ እርሱ ግን የሚሮጠው ሌሎቹ ሲሮጡ አይቶ ነው፤ ጨለማ ከሆነ ይህም የለም። በምዝገባና በራሽን ሰልፍ ስም የሚጠራው በድምፅ ነው፤ ተጠርቶ ያልቀረበ ደግሞ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ከሁሉ የከፋው ከወላጆቹ የተለየው ልጅ ነው። የሚሰማው ልጅ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የመንደሩን ስም ይናገራል፤ በዚህም ዘመዶቹ ይፈለጉለታል። ቋንቋ ያልተሰጠው ልጅ ግን የገዛ ስሙ እንኳ ሰዎች በድምፅ የሚያውቁት፣ እርሱ የማያውቀው ነገር ነው። ዘመዶቹን ለማግኘት የሚያበቃው ታሪክ ሁሉ በልቡ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ ቁልፉ ደግሞ ቋንቋ ነው።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መምህር ያስፈልጋል ሲባል ማንም አይከራከርም። ከመምህሩ ሌላ የተማሪዎች አማካሪ ያስፈልጋል ሲባል ግን ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የዚህ ሠራተኛ ተግባር ምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ።

የመጀመሪያው ሥራው ልጁን ከቤት ማውጣት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ብዙ ጊዜ ከብት ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ ወይም ታናናሾቹን ሲጠብቅ ይገኛል እንጂ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አይገኝም። አማካሪው ሽማግሌዎችን ይዞ፣ የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ ጠይቆ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ይፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁ መስማት የተሳነው መቼና በምን እንደሆነ ይመረምራል። ከልደት ነው ወይስ ከማጅራት ገትር በኋላ? ከኩፍኝ ነው ወይስ መግል ሲወርደው ከኖረ ጆሮ? ወይስ ለሌላ በሽታ ከተሰጠ ኃይለኛ መድኃኒት? ይህ ከንቱ ጥያቄ አይደለም። በስምንት ዓመቱ ታምሞ መስማት ያጣ ልጅ የአባቱን ቋንቋ በልቡ ይዟል፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል። ከልደቱ ያልሰማው ደግሞ ሌላ መሠረት ይፈልጋል። ጆሮው ሊታከም የሚችለውም ወደ ሐኪም ይላካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት ስድሳ ከመቶው አስቀድሞ ሊከለከል በሚችል ምክንያት የሚመጣ ነው። አገራችንም ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። እንግዲህ አማካሪው የሚጽፈው መዝገብ ለክትባት ዘመቻ ሳይቀር ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ወላጆችን ያስተምራል። እናት ልጇን የምታዘው በመጎተትና በመግፋት ብቻ ከሆነ ልጁ የሚማረው መጎተትንና መግፋትን ነው። «አመመህ?»፣ «ፈራህ?»፣ «አባትህ ነገ ይመጣል» የሚለውን በእጇ መናገር ስትችል ግን ቤቱ ቤት ይሆንለታል። በቤት ውስጥ ልጁና እናቱ ራሳቸው የፈጠሯቸው ምልክቶችም ሊናቁ አይገባም። ጥሩ አማካሪ አስቀድሞ እነርሱን ይማራል፤ ከእነርሱም ወደ ትምህርት ቤቱ ምልክት የሚያሻግር ድልድይ ይሠራል። በፑኝዶ ይህ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ሠፈር አኝዋኛ፣ ኑዌርኛና ዲንካኛ ይሰማል፤ መሥሪያ ቤቱ አማርኛ ይጽፋል፤ መማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አኝዋኛና ኑዌርኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ልጁ የትኛውን የእጅ ፊደል አስቀድሞ ይማር የሚለውን ጥያቄ፣ የልጁን ቤትና የነገ መንገዱን አይቶ ከወላጆችና ከመምህራን ጋር የሚመክረው አማካሪው ነው።

አራተኛ፣ የልጁን ጠባይ ይተረጉማል። በክፍል ውስጥ የሚደባደብ፣ መጽሐፍ የሚጥል፣ ቁጣ የሚቀድመው ልጅ «ባለጌ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ የተናደደው የሚለውን የሚረዳለት በማጣቱ ነው። አማካሪው መምህሩን ብርሃን ከፊቱ እንዲመጣ አድርጎ እንዲቆም፣ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እንዳይናገር፣ ልጆቹም እርስ በርስ እንዲተያዩ በግማሽ ክብ እንዲያስቀምጣቸው ይመክረዋል። በዚህ ብቻ የሚበርድ ጠብ አለ።

አምስተኛ፣ ምሥጢር ይጠብቃል። ይህን ነገር ማለሳለስ አይገባም። ክፉ ሰው መጮኽና መመስከር አይችልም ብሎ የሚያስበውን ልጅ ይመርጣል፤ ይልቁንም ሴቶች ልጆች ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ናቸው። በደል የደረሰባት ልጅ አቤቱታዋን በወንድሟ ወይም በጎረቤት አስተርጓሚነት ብቻ ማቅረብ የምትችል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳትናገር ትቀራለች፤ በዳዩ ራሱ አስተርጓሚው ሊሆን ይችላልና። ቋንቋዋን የሚያውቅ፣ በሩን ዘግቶ የሚያደምጣት፣ ከዚያም ወደ ሕግ የሚያደርስላት አንድ የታመነ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ስድስተኛ፣ ልጁን ከነገው ሕይወቱ ጋር ያስተዋውቀዋል። በብዙ አገር እንደታየው፣ መስማት የተሳነውን ጎልማሳ ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሲያድግ መስማት የሚጀምር ወይም ሳያድግ የሚሞት ይመስለዋል። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው መምህራን፣ አናጢዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ወላጆች በፊቱ መታየት አለባቸው። ከሁሉም የተሻለው አማካሪው ራሱ መስማት የተሳነው ሰው ሲሆን ነው።

አንዳንድ ሰው፣ «የሚሰማው ልጅ ወንበርና መጽሐፍ ባላገኘበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» ይለኛል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ወንበር ያጣው ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን መምህሩን ይሰማል፤ ቋንቋ ያጣው ልጅ ግን ወንበር ላይ ቢቀመጥም ያው ነው። ለእርሱ የወጣው የወንበርና የመጽሐፍ ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው መካሪና ቋንቋ ሲያገኝ ነው።

ሕጉም በበኩሉ ግዴታ ጥሎብናል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ የምልክት ቋንቋ ትምህርት እንዲመቻች፣ ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራንም፣ አካል ጉዳተኞቹን ጨምሮ፣ እንዲቀጠሩ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስደተኛው ልጅ በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋው እንዲታይ ይደነግጋል። እነዚህ ቃላት ተጽፈው ተቀምጠዋል። ከወረቀት ወደ ክፍል የሚያደርሳቸው ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ነው።

ስለዚህ ንግግሬ በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። የሥራ መደብ የምታጠኑ፣ ለእንዲህ ያለው አማካሪ መደብ ክፈቱለት። በጀት የምታዘጋጁ፣ በቆላ ለሚሠራው ሰው የበረሃ አበልና መኖሪያ ቤት አስቡለት፤ አማካሪ በየዓመቱ የሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት አማካሪ የለውምና፤ ልጁ እምነቱን ሰጥቶ ሳይጨርስ መካሪው ይሄድበታል። ሠራተኛ የምትቀጥሩ፣ ስልክ ማንሳት አይችልም ብላችሁ የምልክት ቋንቋ ሊቅ የሆነውን አመልካች አትመልሱ። በመስኮት ባለጉዳይ የምታስተናግዱም፣ መስማት የተሳነው ሰው ሲመጣ አትጩኹበት፤ ፊት ለፊት ተመልከቱት፤ ብዕርና ወረቀት አቅርቡለት፤ አስተርጓሚ ይዞ ከመጣም ንግግራችሁ ከእርሱ ጋር ይሁን እንጂ ከአስተርጓሚው ጋር አይሁን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በፑኝዶ ያለችው እናት ይህን ሸክም ብቻዋን ተሸክማዋለች። እያንዳንዳችን ከያዝነው ወንበር አንዲቱን ሎሚ ብናነሣላት ልጇ ስሙን በገዛ እጁ የሚናገርበት ቀን ይቀርባል።