ከክርክር አዳራሽ እስከ ችሎት
(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክበባችን ዛሬ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «ክርክር ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። በዚህ ርእስ ላይ በደፈናው መናገር አይከብድም፤ ክርክር አእምሮን ያሰላል፥ አንደበትን ይፈታል ብሎ መቀመጥ ይቻላል። እኔ ግን ነገሩን በአንድ ሰው የተማሪነት ዘመን ላይ ብንመረምረው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ይህም ሰው በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ነገረ ፈጅ የነበረው፥ ኋላም በ1967 የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው ሰርጉድ ማርሻል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማርሻል በ1908 በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። እናቱ የልጆች አስተማሪ ነበሩ፤ አባቱ በባቡር ላይ በአሳላፊነት ሠርተዋል። አባትዬው የፍርድ ቤት ሙግት ማዳመጥ እጅግ ይወዱ ስለነበር ልጆቻቸውን አስከትለው ችሎት ይቀመጡ ነበር። ማታም በገበታ ዙሪያ ልጁ አንድ ነገር የተናገረ እንደሆነ ማስረጃውን እስኪያቀርብ ድረስ አይለቁትም ነበር። በትምህርት ቤት ሲያጠፋ ደግሞ ቅጣቱ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በቃል ማጥናት ነበር፤ ጥፋቱም ጥቂት ስላልነበረ ብዙውን ክፍል በቃሉ ያዘ። በአገራችንም አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ልጆች ዳር ቆመው ያዳምጡ ስለነበር ይህ ዐይነቱ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በ1925 ማርሻል በፔንሲልቬኒያ ወደሚገኘው ወደ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሊንከን ለጥቁር ወጣቶች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ከማርሻል ጋር በአንድ ዘመን ከተማሩት መካከል ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝና ኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌ ይገኛሉ፤ ክዋሜ ንክሩማም ከእነርሱ በኋላ በ1930ዎቹ እዚያው ተምረዋል። ማርሻል በመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ወዳድ ተማሪ ነበር። ቁም ነገር የያዘው በክርክር ቡድኑ ውስጥ ነው፤ በዚያም ስሙ ተጠራ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የበለጠው ክርክር የተደረገው ከሌላ ኮሌጅ ቡድን ጋር አልነበረም። የሊንከን ተማሪዎች ጥቁሮች ሲሆኑ መምህራኑ ነጮች ብቻ ነበሩ። በ1929 ሂዩዝ የተማሪዎችን አሳብ ጠይቆ ቢመረምር ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚበዙት መምህራኑ ነጮች ብቻ ሆነው እንዲቀሩ የሚመርጡ ሆነው ተገኙ። ማርሻልም በመጀመሪያ ከእነዚሁ ጋር ቆሞ ነበር። ከሂዩዝና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ብዙ ከተከራከረ በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ፤ ጥቁር መምህራን ይግቡ ከሚሉትም ወገን ሆነ። በአዳራሽ ሙግት የታወቀው ተማሪ በዚህ ክርክር ተረታ፤ መረታቱም ከድሎቹ ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ይመስለኛል። ራሱን ፈጽሞ የማያሳምን ተከራካሪ ሌላውን በእውነት ሊያሳምን እንዴት ይችላል?

በ1930 ከሊንከን ሲመረቅ በተወለደበት አገር የነበረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እናቱ የጋብቻ ቀለበታቸውን አስይዘው የመግቢያውን ገንዘብ ከፈሉለት፤ እርሱም ከባልቲሞር በየቀኑ በባቡር እየተመላለሰ ተማረ። የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ቻርልስ ሂዩስተን ነበሩ። እኒህ መምህር ለማኅበራዊ ኑሮ መሻሻል የማይሠራ ነገረ ፈጅ በሕዝብ ጫንቃ ላይ የሚኖር ጥገኛ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ማርሻል አንዳንድ ጊዜ ክፍል ትቶ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እየሄደ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን ነገረ ፈጅ፥ ጆን ዴቪስን፥ ያዳምጥ ነበር። በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ፤ ሁለተኛ የወጣው ጓደኛው ኦሊቨር ሂል ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው እኛ ልናስብበት የሚገባ ነው። ዶናልድ መሪ የሚባል ጥቁር ወጣት በቀለሙ ምክንያት ከዚያው ከሜሪላንድ የሕግ ትምህርት ቤት በተከለከለ ጊዜ፥ ማርሻል ከመምህሩ ከሂዩስተን ጋር ሆኖ ከሰሰ። በ1935 ረቱ፤ በይግባኝም በ1936 ጸናላቸው። በ1951 ደግሞ በቨርጂኒያ በፋርምቪል ከተማ ባርባራ ጆንስ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ፥ የጥቁሮች ትምህርት ቤት እጅግ የጠበበና የጐደለው ስለነበረ ተማሪዎቹን አስተባብራ ትምህርት አቆመች። ጉዳያቸውን የተቀበለው ያው የማርሻል የክፍል ጓደኛ ኦሊቨር ሂል ከባልደረባው ከስፖትስዉድ ሮቢንሰን ጋር ነው። የእነዚህ ልጆች ክስ ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተደምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሃዋርድ መምህራንና ተማሪዎች እንደ ዳኛ ተቀምጠው ነገረ ፈጆቹን አስቀድመው በጥያቄ ያፋጥጧቸው ነበር። ከወዲያ ወገን ለደቡብ ካሮላይና ይሟገቱ የነበሩት ደግሞ ማርሻል በተማሪነቱ ያደንቃቸው የነበሩት፥ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ጆን ዴቪስ ነበሩ። በግንቦት 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪን በቀለም መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብለው ፈረዱ።

እንግዲህ ይህን ያሸነፈው ማን ነው? ማርሻል በአንደበቱ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም። ያሸነፈው በገበታ ላይ ማስረጃ መጠየቅን የለመደ ቤት፥ ተማሪዎቹን ለሥራ ያዘጋጀ መምህር፥ ከተመረቁ በኋላ ያልተለያዩ የክፍል ጓደኞች፥ ትምህርት ያቆሙ ልጆች፥ ከሁሉም በላይ ማርሻል ያገለግለው የነበረው የጥቁር ሕዝብ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ባይኖር ኖሮ ምሁሩ ነገረ ፈጅ በየመንደሩ ያለውን በደል ከየት ያውቀው ነበር? ድፍረቱና ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር?

አንዳንዶች ክርክር ሥራ ፈትነት ነው ይላሉ፤ አገር የሚሠራው በእጅ ነው እንጂ በምላስ አይደለም ብለው ያፌዙብናል። ለወቀሳው እኛም ምክንያት ሰጥተናል። በአዳራሻችን አንዱ ወገን ሲረታ ጭብጨባው ይቀልጣል፤ በማግስቱ ግን ርእሱ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ማስረጃ ከማሰባሰብ ይልቅ ቀልድ ማዘጋጀት ይቀናናል። ጓደኝነታችንንም ነገ ሥራ ለመያዝ የሚረዳ ትውውቅ አድርገን እንቈጥረዋለን። ትውውቅ ግን ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው ወንበር ለመያዝ፥ ሁለተኛው ሸክም ለመካፈል። ማርሻልና ሂል በሃዋርድ ያበጁት ሁለተኛውን ነው።

በመጨረሻ የክርክር ትምህርት ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1960 የኬንያ ሕገ መንግሥት ጉባኤ በለንደን ሲደረግ ማርሻል በቶም ምቦያ ግብዣ የአፍሪካውያኑ መልእክተኞች አማካሪ ሆኖ ሄደ። በዚያም ያረቀቀው የመብት ሰነድ በቍጥር አነስተኛ የሆኑትን፥ ነጮቹንና እስያውያኑን ጭምር፥ የሚጠብቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ተጨቈኑ ጥቁሮች የተሟገተ ሰው፥ ጥቁሮች ሥልጣን ሊይዙ በተቃረቡበት ሰዓት የሌላውን ወገን ስጋት አመዛዘነ። ዛሬ በዚህ ወገን ነገ በዚያ ወገን ቆሞ መከራከር፥ የተቃራኒን አሳብ እንደ ራስ አሳብ ማጥናት፥ ይህን የመሰለ ፍሬ ካላፈራ ትርፉ ምንድን ነው?

ስለዚህ ለክበባችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማንም ተከራካሪ ያለ ማስረጃ ወደ መድረክ አይውጣ። ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ክርክር በኋላ አሳቡን የለወጠ ሰው እጁን ያውጣ፤ ይህም እንደ ድል ይቈጠርለት። ሦስተኛ፥ የሕግ ተማሪዎች ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ማመልከቻ በመጻፍ መምህራንን እንዲረዱ መምህራኖቻችን መንገዱን ያሳዩን። ይህ ቢደረግ አዳራሻችን በጭብጨባ ብቻ አይታወቅም፤ ከበሩ ውጭ ለሚጠብቀንም ሰው አንዳች ነገር ይዘን እንወጣለን።