ኮከቡ የየትኛው መኪና ነው?

በምሩቃን ማኅበራችን የዳግም መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር



ከደቡብ ኦሞ የመጣች ሐኪም ስለ ካላዛር ወይም ስለ ወባ ትናገራለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ሁለተኛ እጅ መኪና ነው። አትሳቁ! ባለፈው ዓመት ብቻ ከእናንተ ሦስቱ ደውላችሁ «መኪና ልገዛ ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» ብላችሁኛል። ጂንካ የምትሠራ ሰው መኪና ታውቃለች ብላችሁ ነው መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ መኪናን የማውቀው ከሰው ደረት ላይ ነው። አንድ ሌሊት ቀበቶ ያላሰረ ሾፌር መሪው ደረቱን አድቅቆት በቃሬዛ ሲመጣ፣ ከጎኑ አስሮ የተቀመጠው ሰው በእግሩ ገብቷል። ቀበቶ የፊት ተሳፋሪን የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ከዚያ ሌሊት ወዲህ የማነበው በሌላ ዓይን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እቁብ ወጣልንና እኛም መኪና ፍለጋ ገባን። ባለቤቴ ፒክ አፕ ካልሆነ አለ። «ከፍ ያለ ነው፣ ቆርቆሮው ወፍራም ነው፣ ለኛ አገር መንገድ እሱ ነው።» ሁላችንም የምናስበው እንደዚያ አይደል? ቁጭ ብዬ የግጭት ሙከራ ውጤቶችን ማንበብ ጀመርኩ። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአፍሪካ ገበያ የተሠራውን ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክ አፕ አጋጭቶ የሰጠው ውጤት ዜሮ ኮከብ ነው። በኋላ ደግሞ ያንኑ አዲስ ፒክ አፕ ለአውሮፓ ከተሠራ የ2015 ሁለተኛ እጅ ናቫራ ጋር አጋጩት። የአዲሱ ሾፌር የመሞቱ ነገር የማይቀር ነበር፤ የአሮጌው ሾፌር ግን በእግሩ ሊሄድ ይችል ነበር። ፋብሪካው አንድ ነው፣ ሁለቱም ፒክ አፕ ናቸው። ልዩነቱ ለየትኛው ገበያ እንደተሠሩ ነው። ባለቤቴን ቪዲዮውን አሳየሁት፤ ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ዳግመኛ አላነሳም።

ከዚያ እኛ በልማድ ቪትዝ የምንላትን ያሪስ መረጥን። የ2005ቷ በአውሮፓው ፈተና አምስት ኮከብ ያገኘች ናት። የ2005 አምስት ኮከብ የዛሬ አምስት ኮከብ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ፈተናው በየጊዜው እየከበደ ነው የመጣው። ለፈተና በቀረበችው ላይ የነበረው ኤርባግ ሁሉም በየአገሩ በሚሸጡት ላይ አይገባም። እኔ ግን ያኔ ኮከቡን አይቼ ልቤ ረጋ።

ደላላው አንዷን አመጣልን። ታብረቀርቃለች። «ዶክተርዬ፣ የሐኪም መኪና ነበረች፣ ጭረት እንኳ አልነካትም!» የመጀመሪያዋ ሐኪም እኔ ብሆን ኖሮ ባመንኩት። ቁልፉን ሞተር ሳናስነሳ ስናዞረው የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት ነበረበት። ጭራሽ አልበራም። መካኒኩ የመሪውን ክዳን ሲከፍተው ውስጡ ስፖንጅ ነው። ኤርባጉ በሌላ ሰው ፊት ላይ ፈንድቶ አልቋል፤ መብራቱንም እንዳያጋልጥ ነቅለውታል። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ እየዘለለች «እማዬ፣ ይቺን እንውሰድ» ትላለች። አሁንም ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል።

እዚህ አገር ደግሞ ይሄ ነገር እየባሰ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። በእያንዳንዱ እጅ ላይ አንድ ግጭት፣ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ቀለም አለ። ኮከቡ የተሰጠው ከፋብሪካ ለወጣችው እንጂ ከሦስተኛው ጋራዥ ለወጣችው አይደለም።

ኤርባጉ ካለም ሌላ ጣጣ አለው። የታካታ ኤርባጎች ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይበላሽና ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ይረጫሉ። በዚያ ዘመን ከወጡት ኮሮላና ያሪስ ውስጥ ለጥገና የተጠሩ አሉ። ወይጦ ሸለቆ ላይ ቀትር ላይ መኪና ያቆመ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። የሻንሲ ቁጥሩን በፋብሪካው ድረ ገጽ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የጎማውንም ዕድሜ እዩ፤ ጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። የአውሮፓው ፈተና ለእግረኛም ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። ደላላ አይነግራችሁም፣ እኛም አንጠይቅም። ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ከዲመካ ሲመለስ መንገዱን የሚሞላው ግን እግረኛ ነው፤ ከፍየሉና ከከብቱ ጋር። ሆስፒታል ከሚመጡልኝ ውስጥ መኪና ውስጥ ያልነበሩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለት መኪና ሲወዳደሩ እኔ ይሄንንም ነጥብ አየዋለሁ።

በመጨረሻ የገዛናት በዓመት የምታንስ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የአንድ በኩል መስታወቷ ከሌላ መኪና የመጣ ያሪስ ናት። መብራቷ በርቶ ይጠፋል። ከጂንካ እስከዚህ ያመጣችኝም እሷ ናት፣ ውጭ ቆማለች። ነገ ወደ አርባ ምንጭ የሚመለስ ካለ ከኋላ ሁለት ቦታ አለኝ፤ ቀበቶው ሁሉም ይሠራል።