ከመጋረጃው በስተ ኋላ የሚሠራው መንግሥት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ስለ መንግሥት ስናስብ ብዙውን ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው በአደባባይ በሚታየው ላይ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፥ ዐዋጅ ሲነበብ፥ ሹም ሲሾምና ጦር ሲሰለፍ አይተን «መንግሥት ማለት ይህ ነው» እንላለን። ይሁን እንጂ ሰንደቅ ዓላማው ከመሰቀሉ በፊት ሌሊቱን ተቀምጦ ደብዳቤ የጻፈ፥ ማኅተም የጠበቀ፥ ለሠራዊቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ቆጥሮ ያስረከበ፥ በተቀያየሙት አለቆች መካከል ገብቶ ያስታረቀ ሰው አለ። አገር ጸጥ ባለ ጊዜ የዚህ ሰው ሥራ ከነመኖሩም አይታወቅም። አገር በታወከ ጊዜ ግን የመንግሥት መኖርና መጥፋት በእርሱ እጅ ይወድቃል።

ዛሬ ምሽት የማቀርብላችሁ ንግግር ስለዚሁ ከመጋረጃ በስተ ኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አገር አላመጣም። ቀድሞ አገው ምድር አውራጃ ይባል ከነበረው፥ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ተብሎ ከሚጠራው ምድር፥ ከዳንግላና ከእንጅባራ አካባቢ እወስደዋለሁ። ዘመኑም 1932 እና 1933 ዓመተ ምሕረት ነው።

በዚያን ጊዜ በጎጃም በአንድ ምድር ላይ ሁለት መንግሥት ነበረ ለማለት ይቻላል። የኢጣልያ ጦር በዳንግላ፥ በእንጅባራ፥ በቡሬ፥ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም ከተሞች ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር ግን በአብዛኛው አርበኞች የሚመላለሱበት ነበር። ገበያ የወጣው ገበሬ ቀን በከተማው በር ላይ ለአንደኛው እጅ ይነሣል፤ ማታ ወደ ቀዬው ሲመለስ ሌላው ስንቅ ይጠይቀዋል። ለማን ይገብር? ክርክሩን በማን ፊት ያቁም? ነገ የሚጸናውስ የማን ቃል ነው? የሕዝቡ ጭንቀት ይህ ነበር። ሁከት ማለትም ከጥይቱ ድምፅ ይልቅ ይህ ጥያቄ መልስ ያጣበት ጊዜ ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ተነሥተው ካርቱም ገቡ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ደግሞ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራ፥ «ተልእኮ 101» የተባለ አነስተኛ ቡድን የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎጃም አመራ። ሳንፎርድ ከጦርነቱ በፊት በሙሎ እርሻ ይዘው በኢትዮጵያ የኖሩ፥ አገሩንና ሰዉን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ከተልእኮው ጋር የሠሩት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። ቡድኑም ፋጉታ በተባለች ስፍራ ሰፈረ፤ የዳንግላና የእንጅባራ የጠላት ሰፈሮች ከዚያ ብዙም አይርቁም ነበር።

እስቲ አድማጮቼ ሆይ፥ ያንን ሰፈር እንደ አንድ መሥሪያ ቤት አድርገን እንመልከተው። ሕንፃ የለውም፤ የመዝገብ ክፍል የለውም፤ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ እንኳ ቢኖር የሚጠብቀው ጫካ ነው። ያለው ሀብት ከካርቱም ጋር የሚያገናኝ የሬዲዮ መሣሪያ፥ በሌሊት የሚጓዙ እግረኛ መልእክተኞች፥ ጥቂት ጠገራ ብርና የንጉሠ ነገሥቱ ስም ነበር። በዚህ ብቻ ምን ተሠራ?

አንደኛው ሥራ እርቅ ነበር። በጎጃም አርበኞች መካከል ስማቸው የገነነው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ነበር። ጠላትን የሚወጋው ጦር በጎን ደግሞ ወንድሙን የሚጠብቅ ከሆነ ግማሽ ኃይሉ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ተልእኮው በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከሁሉ አስቀድሞ የደከመበት ሥራ እነዚህን ሁለት አለቆች አቀራርቦ ማስማማት ሆነ። ይህ ድል በመድፍ አልተበሰረም፤ ነገር ግን ከኋላው የመጡት ድሎች ሁሉ የተደገፉት በእርሱ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ደብዳቤ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ቃል ወደ አለቆቹ ይላካል፤ በአማርኛ የታተመ ዐዋጅም ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ወረቀት ጠመንጃ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ከጠላት ጋር ያደረው ወታደር «ብመለስ ምሕረት አገኛለሁን?» ብሎ ሲያመነታ፥ የሚወስነው ያ ማኅተም እውነተኛ መሆኑን በማመኑ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የጎጃም ባላገር የለመደውና የሚያምነው የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር። ስለዚህም የእንግሊዝ መንግሥት በቦምቤይና በለንደን አዲስ ጠገራ ብር አስመታ። በላዩ የተቀረጸው ዓመት ግን እንደ ጥንቱ በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 ነበር፤ ባላገሩ የሚያውቀው መልክ እንዳይለወጥበት ማለት ነው። ገንዘቡንም በግመልና በበቅሎ አጋጓዙት። ይህ ብር ለማን እንደ ተሰጠ፥ ስንት እንደ ሆነ፥ ስለ ምን እንደ ተከፈለ የሚመዘግብ ሰው ባይኖር ኖሮ እርቁ ሁሉ በአንድ ቀን ቅሬታ በፈረሰ ነበር።

አራተኛው ዕውቀት ነው። በዚህ ረገድ የዳንግላ ስም የሚነሣበት ምክንያት አለ። ሮበርት ቺዝማን የተባሉ የእንግሊዝ ቆንሲል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ ተቀምጠው፥ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ እየዞሩ አጥንተው ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ በካርቱም ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚሰበሰብበት ክፍል ኀላፊ የሆኑት እኒሁ ሰው ናቸው። በሰላም ጊዜ በዳንግላ በደብተር የተጻፈው የመንገድና የወንዝ መልካ በሁከት ጊዜ ጦር መራ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ጉዞ ጀመሩ። በየካቲት ወር ኢጣልያ ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር፥ እንጅባራንም ለቅቆ ወደ ቡሬ አፈገፈገ። በእንጅባራ የተሰበሰበው በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ቁጥሩ ሁለት ሺህ ያህል ነበር፤ በጎጃም የነበረው የጠላት ጦር ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጠላትም በበኩሉ ስም እንደሚያስፈልገው ስላወቀ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ወደ ጎጃም መልሶ ሕዝቡን በእርሳቸው ሊይዝ ሞከረ። ሆኖም አለቆቹ አስቀድመው ተነጋግረው፥ ደብዳቤውም ደርሶ ስለ ነበር ጊዜው አልፎበታል። በመጋቢት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ራሳቸው ገቡላቸው።

እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ከመጋረጃው በስተ ኋላ ግን ሁለተኛውና ጸጥተኛው ትግል ገና መጀመሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በስድስተኛው ቀን፥ ግንቦት 3፥ ሰባት ሚኒስትሮችን ሾሙ። የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ወኪል የነበሩት ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ይህን ተቃወሙ። አገሩ ከጠላት የተያዘ ነውና የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ አስተዳደሩ የእኛ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ሚኒስትሮቹ ለጦር አስተዳደሩ እንደ አማካሪዎች ይቈጠሩ ተብሎ ለጊዜው ተቻቻሉ። ሹመቱ ግን አልተሻረም። ስማቸው ምንም ይሁን ምን ሚኒስትሮቹ በየወንበራቸው ተቀመጡ፤ ሥራም ጀመሩ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ውል ሲፈራረሙ፥ እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፥ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትረዳ ስትስማማ፥ ውሉን ተቀብሎ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ቆሞ ነበር። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በእንጅባራ የሚሰበሰቡበት በዓል በዚሁ በጥር 23 ቀን መዋሉን ሳስብ፥ ፈረሱም ብዕሩም በአንድ ቀን የሚታሰቡ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ መጽሐፍ ገባ። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዢው በደመወዝ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ደነገገ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ምሳሌ በዚያን ቀን ሞተ ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን ሕግ ሆኖ የተወቀሰው በዚያን ጊዜ ነው።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ይህን ሥራ ሁሉ ያለ እንከን እንደ ተሠራ አድርጌ ብናገር አትመኑኝ። በመጋረጃ ውስጥ የሚመዘን ሚዛን ሁልጊዜ ትክክል አይመዝንም። ለአምስት ዓመት በጫካ የቆየው አርበኛና በጠላት ቢሮ ጽፎ የኖረው ጸሐፊ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተገናኙ፤ መንግሥት መጻፍና መቍጠር የሚችል ሰው ቸግሮት ነበርና። ይህም ብዙ ልብ አቈሰለ። በሹመቱ አከፋፈል ካዘኑት አርበኞች አንዱ የቢቸናው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነበሩ። ነገሩም ወደ ሸፈታነት፥ ከዚያም በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ወደ መሞት አደረሳቸው። የጎጃም ሰው ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሁከት ጊዜ የተሰጠ ተስፋ በጸጥታ ጊዜ ካልተከፈለ ዕዳው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

ሌላም ትምህርት አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ በተሞከረ ጊዜ ዐማፅያኑ ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን በስልክ እየጠሩ ያዟቸው፤ የሬዲዮ ጣቢያውንም ያዙ፤ መግለጫውም በአልጋ ወራሹ ድምፅ ተነበበ። ይህን የሰማ ሁሉ መንግሥት የተለወጠ መስሎት ነበር። ነገር ግን በአንደኛ ክፍለ ጦር ሰፈር የተሰበሰቡት ባለሥልጣኖች ጦር አስመጡ፤ የፓትርያርኩን ቃል አሳትመው በአውሮፕላን አስበተኑ። በጥቂት ቀናት ውስጥም ነገሩ በብዙ ደም ተፈጸመ። እኔ የማይክሮፎን ሰው ነኝና ይህን ስናገር ራሴንም እየገሠጽሁ ነው፤ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ መንግሥትን አልያዘም። ድምፁን የሚሰማና ትእዛዙን የሚፈጽም ሰንሰለት ከሌለ ድምፁ በአየር ላይ ይቀራል።

ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ራሴ ትንሽ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት የበላይ ሹም ተለወጠ። የቀድሞው ሹም የፈረሙባቸው ጉዳዮች እንደገና ይታዩ ተባለ፤ መዛግብቱም ከክፍል ወደ ክፍል ተጋዙ። በዚያ ግርግር የአንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት የጡረታ ጉዳይ ጠፋ። መዝገቡን ካጋዙት ሠራተኞች አንዱ እኔ ነበርሁ። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ተመላለሰች። አንድ ቀን በረንዳ ላይ አግኝታኝ፥ «ልጄ፥ ሹም ሲሻር የባሌም ድካም አብሮ ይሻራል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኋላ አንድ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማንም ሳያዝዘው የገቢ ቍጥሮችን በራሱ ደብተር እየገለበጠ ያስቀምጥ ኖሮ፥ ጉዳይዋ በዚያ ቍጥር እንደገና ተንቀሳቀሰ። ያ ሽማግሌ ያን ቀን ለእኔ ከማንኛውም ሹም ይልቅ መንግሥትን መስሎ ታየኝ።

እንግዲህ እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምትደክሙ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዘመን በሚታወክበት ጊዜ ከላይ ማን እንደሚቀመጥ መወሰን ብዙውን ጊዜ በእጃችን አይደለም። የተረከብነውን ቈጥረን መረከብ፥ ያስረከብነውን ፈርመን ማስረከብ፥ የሕዝቡን መዝገብ ከእሳትና ከቂም መጠበቅ ግን በእጃችን ነው። መዝገቡ የሹሙ አይደለም፤ የዚያች ሴትና የዚያ ለማን ልገብር እያለ ይጨነቅ የነበረው የአገው ምድር ገበሬ ነው።